ማይኤስኪውኤል አልነሳ ካለሽ ዛምፑን አትንቀዪው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አሁን ነው ያየሁት። ቤት ባለው ዴስክቶፕ ላይ ዛምፕ፣ ማለትም ሳይትን ራስሽ ኮምፒውተር ላይ የሚያሠራውን ፕሮግራም፣ ጭነሽ የዎርድፕሬስ ሳይት እየሠራሽ ነው። ትናንት መብራት ሄዶ ሲመለስ ገጾቹን የሚያወጣው አፓቺ ተነሳ፣ የሳይቱን መረጃ (ዳታቤዙን) የሚይዘው ማይኤስኪውኤል ግን አረንጓዴ ይሆንና ወዲያው ይጠፋል። «ነቅዬ እንደ አዲስ ልጫነው ወይስ ሌላ ፕሮግራም ልጠቀም?» ብለሻል። እባክሽ አትንቀዪው። ይህን አንብበሽ እስክትጨርሺ ምንም ፋይል አታጥፊ። እኔ አጥፍቼ የሦስት ሳምንት ሥራ ውሃ በልቶኛል።

አጫጫኑን ስለምታውቂው እሱን አልደግምልሽም። በቀጥታ ወደ ሥራው እንግባ።

1. ከሁሉም በፊት ኮፒ። የዛምፕ መቆጣጠሪያው ላይ ያለውን ሁሉ አቁሚና ዝጊው። ከዚያ ሲ ድራይቭ ላይ የዛምፕን ፎልደር ክፈቺ፣ ማይኤስኪውኤል ውስጥ ግቢ። ዳታ የሚል ፎልደር ታገኛለሽ። እሱን እንዳለ ወደ ፍላሽ ኮፒ አድርጊው። ፍላሹን ንቀዪና መሳቢያ ውስጥ አስቀምጪው። አሁን ብትሳሳቺ እንኳ መመለሻ አለሽ።

2. ዳታ ውስጥ አይቢዳታ1 የምትባል ፋይል አለች። እሷን እንዳትነኪ። ኢንተርኔት ላይ «ይህችን አጥፏት፣ ይነሳል» የሚል ምክር ሞልቷል። እውነት ነው፣ ይነሳል። እኔን ያቃጠለኝም እሱ ነው።

ነሐሴ 2015 ነበር። ለአንድ የግል ትምህርት ቤት ሳይት እየሠራሁ ነው። ምዝገባ ሳይጀመር መድረስ አለበት። ክረምቱን ታውቂዋለሽ፣ ዝናቡ ሲያስገመግም መብራቱ ይሄዳል። ዴስክቶፔ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ ለጊዜው በባትሪ የሚያቆየው ዕቃ፣ አልነበረውም። የትምህርት ቤቱን ታሪክ የሚናገረውን ገጽ ሴቭ ልል ስል ቤቱ ጨለመ። መብራቱ ሲመለስ ያው ያንቺ ችግር ገጠመኝ። ቀይ ጽሑፍ መጣ፣ ማይኤስኪውኤል ሳይታሰብ ቆሟል የሚል። አንድ ቪዲዮ አየሁና አይቢዳታ1ን አጠፋኋት። ተነሳ! ደስ ብሎኝ ቡና አፈላሁ።

ከዚያ ዳታቤዙን ከፍቶ የሚያሳየውን ፒኤችፒማይአድሚንን ከፈትኩ። 12ቱ የዎርድፕሬስ ሠንጠረዦች ስማቸው በግራ በኩል ተደርድሯል። የጽሑፎቹን ስነካው «የለም» አለኝ። የተጠቃሚዎቹን ስነካው «የለም»። ሁሉም እንደዚያው። ስሙ አለ፣ ውስጡ የለም። ልቤ ቀጥ አለ።

ምክንያቱን ያወቅኩት በኋላ ነው። እያንዳንዱ ሠንጠረዥ መረጃውን የሚያስቀምጥበት የራሱ ፋይል አለው። የትኛው ፋይል የማን እንደሆነ የሚያውቀው መዝገብ ግን አይቢዳታ1 ውስጥ ነው። መዝገብ ቤት አስቢ። ዶሴዎቹ መደርደሪያው ላይ አሉ፣ ዋናው መዝገብ ተቃጥሏል። ልብ በይ፣ በዚያች ሰዓት እንኳ ዶሴዎቹ አልጠፉም ነበር። የሚያውቅ ሰው ቢያገኛቸው ተመሳሳይ ባዶ ሠንጠረዦችን ፈጥሮ ፋይሎቹን መልሶ ሊያያይዛቸው ይችል ነበር። እኔ ግን ደነገጥኩና ዛምፑን ነቀልኩት። ያኔ ዶሴዎቹም አብረው ሄዱ።

የነቀልኩት ደግሞ ተማምኜ ነው። ኤችቲዶክስ የሚባለውን ፎልደር ፍላሽ ላይ ገልብጬ ነበር። «ሳይቱ እዚህ ነው ያለው» ብዬ አምን ነበር። ያ ፎልደር ውስጥ ያለው ቴሙ፣ ፕለጊኑና ፎቶው ነው። የጻፍሽው ጽሑፍ፣ ሜኑው፣ ሴቲንጉ፣ ፓስዎርዱ በሙሉ ዳታቤዝ ውስጥ ነው ያለው። ይህን ማንም ቀድሞ ነግሮኝ አያውቅም። ለአንቺ አሁን እየነገርኩሽ ነው።

ኮምፒውተሩን ተሸክሜ አንድ ጥገና ቤት ሄድኩ። የጠፋ ፋይል እንመልሳለን የሚል ማስታወቂያ ለጥፈዋል። ጠረጴዛው ላይ ያለው ልጅ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ «ዌብሳይት ኢንተርኔት ላይ ነው ያለው፣ ኮምፒውተር ውስጥ ምን ይሠራል?» አለኝ። ላስረዳው ሞከርኩ፣ «እናውቃለን» አለ። 1,500 ብር ቅድሚያ ከፈልኩ። በሦስተኛው ቀን ስመለስ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ጭነውበታል። ማንም አልጠየቀኝም። ጠፍቶ የነበረ ፋይል ላይ ሌላ ነገር ሲጻፍበት የመመለስ ዕድሉ ያበቃል። ይህን የማያውቅ ሰው ያንን ማስታወቂያ መለጠፍ የለበትም። ብሬን መልሱልኝ ስል «ሞክረናል፣ ሙከራም ይከፈልበታል» አሉኝ። ዛሬም ሳስበው አንጀቴ ያርራል።

እንግዲህ አንቺ እንዲህ አድርጊ። ፍላሽ ላይ ኮፒው ካለሽ በኋላ የዳታ ፎልደሩን ስም ቀይሪው፣ የድሮው ዳታ በይው። እዚያው ማይኤስኪውኤል ውስጥ ባክአፕ የሚል ፎልደር አለ፣ ዛምፕ ራሱ ይዞት የሚመጣ ነው። እሱን ኮፒ አድርጊና ኮፒውን ዳታ ብለሽ ሰይሚው። ከድሮው ዳታ ውስጥ ያንቺን ዳታቤዝ ፎልደር ብቻ ወደ አዲሱ አምጪ። ማይኤስኪውኤል፣ ፐርፎርማንስ ስኪማ እና ፒኤችፒማይአድሚን የሚሉትን ተዪያቸው። በመጨረሻ አይቢዳታ1ን ከድሮው አምጥተሽ በአዲሷ ላይ ተኪ። አሁን አስነሺው። እኔ ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ገጥሞኝ ሁለቱንም ጊዜ በዚህ መንገድ አንድ ቃል ሳላጣ መልሻለሁ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን መቆጣጠሪያው ላይ ኔትስታት የሚለውን ቁልፍ ጫኚ። ማይኤስኪውኤል የሚጠቀምበትን 3306 የሚለውን ፖርት (የመገናኛ በር) ሌላ ፕሮግራም ይዞት ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው፣ ያንን ፕሮግራም መዝጋት ብቻ ነው።

3. ሥራ በጨረስሽ ቁጥር ኤክስፖርት። ፒኤችፒማይአድሚን ላይ ዳታቤዙን መርጠሽ ኤክስፖርት ትያለሽ፣ አንድ የኤስኪውኤል ፋይል ይሰጥሻል። ደቂቃ አይፈጅም። ስሙ ላይ ቀኑን ጻፊበትና ቴሌግራም ላይ ለራስሽ ላኪው። የእኔ ቴሌግራም ወደ ታች ሲወርድ እንደዚያ ያሉ ፋይሎች ብቻ ናቸው። የእውነተኛ ሰዎች ስምና ስልክ ካለበት ግን እንደዚያ አትላኪ፣ ፍላሽ ላይ ይቅር። ኮምፒውተሩን ከማጥፋትሽ በፊትም ማይኤስኪውኤሉን ስቶፕ በይው።

ሌላ ፕሮግራም ላልሽው፣ ላራጎንም ጥሩ ነው፣ ቀለል ይላል። ግን መብራት ሲሄድ እሱም ያው ዳታቤዝ ነው የያዘው። ገንዘብ ካለሽ ዩፒኤስ ግዢ። እኔ ትምህርት ቤቱ ከከፈለኝ መጀመሪያ የገዛሁት እሱን ነው።

ሳይትሽ በአማርኛ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ዳታቤዙን ስትፈጥሪ ከፊደል አያያዝ ምርጫዎቹ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 የሚለውን ምረጪ። ላቲን1 ከሆነ ፊደላችን ቦታ የለውም፣ «ሰላም» ብለሽ የጻፍሽው ሦስት የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይቀመጣል። ምልክት ሆኖ ከተቀመጠ በኋላ ደግሞ መመለሻ የለውም፣ ዋናው ፊደል አልተመዘገበማ። ስለዚህ መጀመሪያ አንድ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ጽፈሽ ሴቭ አድርጊ፣ ገጹን ዝጊና መልሰሽ ክፈቺው። ደህና ከሆነ ቀጥዪ።

የፋይል ስሞችንም በትናንሽ የእንግሊዝኛ ፊደላት ብቻ ጻፊ። ዊንዶውስ ትልቁንና ትንሹን ፊደል አይለይም፣ አብዛኛው ሆስቲንግ (ሳይቱ ኢንተርኔት ላይ የሚቀመጥበት ቦታ) የሚሠራበት ሊኑክስ ግን ይለያል። የትምህርት ቤቱ ሎጎ ቤት ቁልጭ ብሎ እየታየ ሆስቲንጉ ላይ ሲጫን የጠፋው በአንድ ትልቅ ፊደል ነው። ዎርድፕሬስ የተጻፈበትን የፒኤችፒ ቋንቋ ቨርዥንም ሆስቲንጉ ከሚሰጥሽ ጋር አንድ አድርጊው።

ያን ሳይት በዘጠኝ ቀን እንደገና ጻፍኩት። ሌሊት ሌሊት፣ ላፕቶፕ ከጓደኛዬ ተውሼ። ጳጉሜን ሳያልቅ ተጫነ፣ ወላጆች በስልካቸው ተመዘገቡበት፣ እስከ ዛሬ ይሠራል።

አሁን የዳታ ፎልደሩን ኮፒ አድርጊና መቆጣጠሪያው ላይ ሎግስ የሚለውን ጫኚ። የመጨረሻዎቹን አሥር መስመሮች እዚሁ ለጥፊልኝ። ማታ ከ2 ሰዓት በኋላ ክፍት ነኝ፣ አብረን እናየዋለን።