ኦፓሌ ውሃ ነክቶት ብልጭታው ጠፋ፤ ተሸውጄ ነው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምጽፍልዎ ከደሴ ነው። እናቴ ኦፓል የሚባለው የወገል ጤና የከበረ ድንጋይ ያለበት ቀለበት ሰጥታኝ ነበር። ሳላወልቀው ልብስ አጠብኩ። ማታ ሳየው ያ አረንጓዴና ቀይ ብልጭታው የለም፤ ድንጋዩም ጠርቶ ወዲያ ማዶ ያሳያል። ጎረቤቶቼ «ፕላስቲክ ነው» አሉኝ። እውነት ተሸውደን ነው?

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ። ፕላስቲክ ውሃ አይጠጣም፤ ወገል ጤና ያለችበት የደላንታ ኦፓል ግን ይጠጣል። ደረቁን ድንጋይ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ስጨምረው ከገጹ ጥቃቅን አረፋ ሲወጣ አያለሁ። ውሃው ሲገባ ቦታ የሚለቅለት አየር ነው።

አየሩ የት ተደብቆ ነበር? ኦፓሉ የሚወጣው ዕድሜው 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ከሆነ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ መሐል ነው። እዚያ ውስጥ የሰረገ ውሃ ሲሊካ፣ ማለትም የአሸዋና የመስታወት ዋና ንጥረ ነገር፣ እያሟሟ ይዞ ይሄዳል። ሲሊካው ሲበዛ ሞለኪውሎቹ ይያያዙና ደቃቅ ፍሬ ይሆናሉ፤ ፍሬዎቹ ደግሞ ተሰባስበው ድቡልቡል ይሠራሉ። ድቡልቡሎቹ እጅግ ትንሽ ናቸው። 300 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው) የሚሆኑት እንኳ አንድ ሚሊሜትር ላይ ከ3,000 በላይ ይደረደራሉ።

እኔን እስከ ዛሬ የሚደንቀኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። የሚደረድራቸው ማንም የለም። መጠናቸው እኩል ከሆነና ቀስ ብለው ከሰፈሩ፣ ጉልት ላይ እንደተከመረ ብርቱካን አንዱ በሌሎቹ መሐል ባለው ጎድጓዳ እየገባ ራሳቸው ይሰለፋሉ። መጠናቸው ከተዘበራረቀ ግን ሰልፍ የለም፤ ብልጭታም የለም። ይህን ሰልፍ በ1964 እ.ኤ.አ. በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያሳዩት የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ናቸው።

ቀይና አረንጓዴው ታዲያ ድንጋዩ ውስጥ ያለ ቀለም አይደለም። ብርሃን ከተሰለፉት ንብርብሮች ተመልሶ ሲወጣ የሚፈጠር ነው። ድቡልቡሎቹ ትንንሽ ሲሆኑ ሰማያዊ፣ ተለቅ ሲሉ ቀይ ይጎላል። በመሐላቸው ያለውን አየር ውሃ ሲተካው፣ ውሃና ሲሊካ ብርሃንን የሚያጎብጡት በተቀራራቢ መጠን ስለሆነ ብልጭታው ይደክማል፤ ድንጋዩም ይጠራል።

አሁን ቀለበቱን በደረቅ ጨርቅ ጠቅልለሽ ጥላ ቦታ አስቀምጪው። ቀናት ሊፈጅ ይችላልና አትቸኩዪ። ፀሐይ ላይ አታስጪው፣ በፀጉር ማድረቂያም አትሞክሪው፤ በድንገት ከደረቀ ሊሰነጠቅ ይችላል። ከንጹሕ ውሃ ይልቅ እኔን የሚያሰጋኝ ዘይት፣ ሽቶና የዱቄት ሳሙና ነው። እነሱ ከውሃው ጋር በድቡልቡሎቹ መሐል ባለው ክፍተት ይገቡና እዚያው ይቀራሉ። ከደረቀ በኋላም ከደበዘዘብሽ የወሎ ኦፓል የሚቆርጥ ባለሙያ ይየው፤ ከዚያ በፊት ግን እናትሽን አታስጨንቂያቸው።