ከሺህ ዓመት በፊት የነበረችውን አንባቢ ይተዋወቋት

«የጥንት ጃፓን ቤተ መንግሥት ጽሑፍ ለዛሬ ሰው ስሜት ይሰጣልን?» ላሉት ጠያቂ፦ አዎ፣ በሚገባ! ነገር ግን የቤተ መንግሥት ደንገጡሯ ሙራሳኪ ሺኪቡ ከጻፈችው ረጅም ልብ ወለድ፣ ከገንጂ ታሪክ አይጀምሩ። ገጸ ባሕርያቱ በአብዛኛው በማዕረግ እንጂ በስም ስለማይጠሩ ጀማሪን ያደናግራል።

እኔ የማስቀድመው የሳራሺና ማስታወሻን ነው። ጸሐፊዋ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1008 ተወለደች፤ ስሟ ግን አልደረሰንም። አባቷ ሩቅ አገር ተሹሞ ሳለ፣ እኅቷና የእንጀራ እናቷ ስለ ልብ ወለዶች ሲያወሩ እየሰማች በጉጉት ትቃጠላለች። እነርሱም ታሪኮቹን ሙሉ በሙሉ አያስታውሷቸውም። ስለዚህ በቁመቷ ልክ የቡድሃ ምስል አሠርታ፣ ሰው በሌለበት ሰዓት በግንባሯ ተደፍታ ወደ ዋና ከተማው እንዲወስዳትና ያሉትን መጻሕፍት ሁሉ እንዲያስነብባት ትማጸናለች። የመሄጃው ቀን ሲደርስ ምስሉ ብቻውን ቀረ፤ እሷም አለቀሰች። በኋላ አንዲት ዘመዷ የገንጂን ታሪክ በሙሉ ስትሰጣት፣ ከመጋረጃ ጀርባ ተጋድማ ቀን ከሌት አነበበችው፤ የእቴጌነት ማዕረግ እንኳ ከዚህ አይበልጥብኝም አለች። መጽሐፍ ተርቦ ያደገ ሰው ይህን ሲያነብ እንዴት ልቡ አይነካም?

ቁጣ ከፈለጉ ሌላዋ የቤተ መንግሥት ደንገጡር፣ የ«ትራስ መጽሐፍ» ደራሲ ሴይ ሾናጎን አለች፦ እንቅልፍ ሊወስዳት ሲል ፊቷ ላይ ጢዝ የሚለውን ትንኝ፣ በችኮላ ሰዓት መጥቶ ወሬ የሚያበዛውን እንግዳ ሳይቀር መዝግባለች። የሙራሳኪ ሺኪቡን የግል ማስታወሻም አይለፉት። ወንድሟ የቻይንኛ ጽሑፍ ሲማር አጠገቡ ሆና ከእሱ ቀድማ ስትረዳ፣ አባቷ ወንድ ሆና አለመወለዷን እንደ መጥፎ ዕድል ቆጠረው።