«አይሁዳዊ ካልሆንኩ የአይሁድ ፊልም ፌስቲቫል ላይ ፊልሜን አይቀበሉኝም?» ላልከው መልስ፦

አይሁዳዊ መሆን አይጠበቅብህም። የሳን ፍራንሲስኮው የአይሁድ ፊልም ፌስቲቫል የሚያየው ፊልሙን እንጂ የዳይሬክተሩን ሃይማኖት አይደለም፣ በፈረንጆቹ 1980 የተጀመረ ነው፣ ከአይሁድ ፊልም ፌስቲቫሎች ሁሉ በዕድሜ የሚቀድመው እሱ ነው። ስለ ስግድ፣ ማለትም ስለ ቤተ እስራኤሎች (የኢትዮጵያ አይሁዶች) በዓል፣ የሰራኸው ሾርት ዶክመንተሪ አማርኛ መሆኑም ችግር የለውም፣ የእንግሊዝኛ ሰብታይትል ግን የግድ ነው።

ፌስቲቫሉ ጁላይ አካባቢ ስለሆነ ማመልከቻው ወራት ቀድሞ ይዘጋል፣ ዴድላይኑን ዌብሳይታቸው ላይ ዛሬውኑ እይ። የምትልከውን ሊንክ በፓስወርድ ቆልፈው፣ እስከዛ ዩቲዩብ ላይ እንዳትለቀው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። እኔ የአንድ የቤተ እስራኤል አዛውንት ቃለ መጠይቅ ላይ ሰብታይትል ስሰራ «ቄስ» የሚለውን (በእነሱ ዘንድ የአይሁድ ሃይማኖት መሪ ነው) ወደ እንግሊዝኛ ተረጎምኩት፣ አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ግማሹ የክርስቲያን ካህን መሰለው፣ በቃ የጥያቄና መልሱ ሰዓት እሱን ሳስረዳ አለቀ። አንተ «ቄስ» ብለህ እንዳለ ተወው፣ ቄሶቹ ነጭ ጥምጥም አድርገው በጥላ ስር ኦሪት ሲያነቡ ከታዩ ምስሉ ራሱ ይናገራል። «ፈላሻ» የሚለውንም የቤተ እስራኤሎች የድሮ መጠሪያ ሰብታይትልህ ውስጥ በራስህ ቃል አትጻፈው፣ ብዙዎቹ እንደ ስድብ ነው የሚሰሙት።