«እንደ አስፈላጊነቱ» እና ሐይቆቻችን

ይድረስ ለእናንተ፣ በየክልሉ ምክር ቤት፣ በየውሃ ቢሮውና በየፍትሕ ቢሮው በቅርቡ ለተቀጠራችሁ ልጆች።

እኔ ሕግ ሳረቅቅ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ሥራው ከውጭ ሲያዩት ትልቅ ይመስላል። ከውስጥ ግን የቀዘቀዘ ሻይና «እና» ይባል ወይስ «ወይም» የሚል ክርክር ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ አንድ ሐረግ እንቅልፍ ይነሳኛል። እሱ ጋ እደርሳለሁ። መጀመሪያ ግን ዝዋይን እንይ።

ባቱ ከተማ ሐይቁ ዳር ቁጭ ብሎ የቆሮሶ ጥብስ የበላ ሰው ውሃው ጥልቅ ይመስለዋል። አይደለም። ስፋቱ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አማካይ ጥልቀቱ ግን 2.5 ሜትር አካባቢ ነው። ትልቅ ሰሃን በሉት። ሰሃን ላይ ውሃው አንድ ጣት ሲቀንስ ዳርቻው ምን ያህል እንደሚሸሽ ቤታችሁ ሞክሩት።

የሐይቁ ዳርቻ ኦሮሚያ ውስጥ ነው። ውሃው የሚመጣው ግን በሁለት ወንዞች ነው። ከተር ከአርሲ ተራሮች ይወርዳል። መቂ የሚነሳው ከጉራጌ ተራሮች ነው፤ ያ ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሆኗል። ከዝዋይ የተረፈው በቡልቡላ ወንዝ ወደ አቢያታ ይሄዳል። አቢያታ መውጫ የለውም፣ የደረሰውን ይዞ ይቀመጣል። ስለዚህ ላይ ቤት ሲጠግብ ታች ቤት ይጠማል። ቲማቲሙም፣ ሽንኩርቱም፣ የአበባ እርሻውም፣ ቀን ከሌት የሚጮኸው የውሃ ሞተርም የሚቀዱት ከዚያችው ሰሃን ነው። አቢያታ ዳር ደግሞ የሶዳ አሽ (ለመስታወትና ለሳሙና የሚሆን የሶዳ ዱቄት) ፋብሪካው አለ። በወጣትነቴ ፍላሚንጎ ለማየት መኪና ያቆምንበት ቦታ ዛሬ ጨው ያነጣው ሜዳ ነው። ውሃውን ለማየት ብዙ በእግር መሄድ ያስፈልጋል።

ታዲያ ይህን ማን ይሰብስበው? ሕገ መንግሥቱን ግለጡ። አንቀጽ 51 ንዑስ አንቀጽ 11 ክልሎችን የሚያገናኙ ወንዞችንና ሐይቆችን አጠቃቀም የመወሰንና የማስተዳደር ሥልጣንን ለፌዴራል መንግሥት ይሰጣል። አንቀጽ 52 ደግሞ መሬትንና የተፈጥሮ ሀብትን በፌዴራል ሕግ መሠረት ማስተዳደርን ለክልሎች ይተዋል። በገበሬ ቋንቋ ልተርጉመው፦ ውሃው የፌዴራል ነው፣ ደለሉ የክልል። ተዳፋቱ እንዴት እንደታረሰ፣ ማዳበሪያው ምን ያህል እንደተበተነ፣ የከተማው ፍሳሽ የት እንደሚደፋ፣ ይህ ሁሉ ክልል ደጅ ላይ ነው ያለው። «የፌዴራል ጉዳይ ነው» ብሎ ፋይል የሚዘጋ የክልል ባለሙያ ግማሽ እውነት ይዟል። በግማሽ እውነት ስንት ፋይል እንደተዘጋ እኔ አውቃለሁ። የተወሰኑትን የዘጋሁት ራሴ ነኝ።

ሐረማያን ታስታውሳላችሁ? ምናልባት አልተወለዳችሁም ነበር። ሐረር ውሃዋን የምትጠጣው ከዚያ ሐይቅ ነበር። ሐይቁ ኦሮሚያ፣ ጠጪዋ ከተማ ሐረሪ ክልል። ለጫቱም፣ ለአትክልቱም፣ ለከተሞቹም ሁሉም በየፊናው ቀዳ፤ ደለሉም ከታች ሞላ። ሐይቁ እያሳሳቀ ሄደና በ1990ዎቹ አልጋው ተሰነጣጠቀ። ሐረር ከድሬዳዋ በኩል በቧንቧ ውሃ ማስመጣት ነበረባት። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ውሃ መመለሱ ያስደስታል። ግን በእሱ መተማመን ሥራ አይደለም።

አሁን ራቅ ወዳለ አገር ልውሰዳችሁ። በአሜሪካና በካናዳ መካከል አምስት ታላላቅ ሐይቆች አሉ። በዓለም ላይ ካለው የገጸ ምድር ጨው አልባ ውሃ አንድ አምስተኛው ያህል እዚያ ነው። ቺካጎና ቶሮንቶ ያሉ ወገኖቻችን ቡና የሚያፈሉት በዚሁ ውሃ ነው። ስምንት የአሜሪካ ስቴቶችና ሁለት የካናዳ ክፍለ ግዛቶች፣ ኦንታሪዮና ኩቤክ፣ ይጋሩታል።

እ.ኤ.አ. በ1985 የእነዚህ ሁሉ መሪዎች አንድ ቻርተር ፈረሙ። ቆንጆ ወረቀት ነበር፣ ጥርስ ግን አልነበረውም። በ1998 አንድ የኦንታሪዮ ኩባንያ ከሱፔሪየር ሐይቅ በመርከብ ውሃ ጭኖ እስያ ለመሸጥ ፈቃድ አወጣ። ጩኸት ተነሳና ፈቃዱ ተሰረዘ። ያን ጊዜ ግን ቻርተሩ አንዲት መርከብ እንኳ እንደማያስቆም ሁሉም ገባው።

እውነተኛው ሥራ የተጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። በ2005 ስምንቱ ገዢዎች ውሃው ከሐይቆቹ ተፋሰስ እንዳይወጣ የሚገድብ አስገዳጅ ውል ፈረሙ፤ ኮምፓክት ይሉታል። ከካናዳዎቹ ጋር በመንፈስ የሚመሳሰል ሌላ ስምምነት በዚያው ቀን ተፈረመ። ፊርማው ግን ቀላሉ ነበር። ከዚያ ስምንቱም ምክር ቤቶች ያንኑ ውል ማጽደቅ ነበረባቸው። ምክር ቤት የሚባለውን ነገር ለሚያውቅ ሰው ይህ ቅዠት ነው። አንዱ ደስ ያላለውን ሐረግ ቢቀይር ሌሎቹ የተስማሙበት ይፈርሳል።

ሚኒሶታ በ2007 ቀደመች። ኦሃዮ ላይ ሲደርስ ግን ነገሩ ተንገራገጨ፤ «የግል ጉድጓዴን ይነካብኛል» የሚል ተቃውሞ መጣ። እዚህ ጋ ነው ባርኔጣዬን የማነሳላቸው። የጋራውን ውል አልነኩትም። የሕዝቡን ስጋት በራሳቸው ስቴት ሕገ መንግሥት ማሻሻያ አስታገሱት። ኮንግረስም ፈቀደ፣ ፕሬዚዳንቱም በ2008 ፈረሙ። ከመርከቡ ወሬ እስከ ሕጉ አሥር ዓመት ፈጀ።

ሕጉ በደንብ የተፈተነው ዎክሻ በምትባል የዊስኮንሲን ከተማ ነው። ከሚሺጋን ሐይቅ ብዙ አትርቅም፣ ግን ከተፋሰሱ ውጭ ናት። የጉድጓድ ውሃዋ ራዲየም የሚባል ጨረር አመንጪ፣ ለጤና ጎጂ ንጥረ ነገር አለበት። ከሐይቁ ልትቀዳ ስትጠይቅ የስምንቱም ስቴቶች ስምምነት አስፈለገ፤ አንዱ እምቢ ቢል አበቃ። በ2016 ፈቀዱላት፣ የተጠቀመችበትን አጣርታ እንድትመልስ በማስገደድ። ውሃው ቧንቧዋ የደረሰው በ2023 ነው።

እነሱም መላእክት አይደሉም። በ2014 የቶሌዶ ከተማ ነዋሪዎች ለሦስት ቀን ያህል የቧንቧ ውሃ አትጠጡ ተባሉ፤ ከአምስቱ አንዱ የሆነው ኤሪ ሐይቅ ውሃውን አረንጓዴ በሚያለብስ አልጌ ተመርዞ ነበር። አልጌውን የሚያፋፋው ማዳበሪያ ከኦሃዮ፣ ከሚሺጋንና ከኢንዲያና እርሻዎች በወንዝ ይመጣል። በዓመቱ ኦሃዮ፣ ሚሺጋንና ኦንታሪዮ ከማዳበሪያው ጋር ወደ ሐይቁ የሚገባውን ፎስፈረስ እስከ 2025 በ40 በመቶ ለመቀነስ ተስማሙ። ኢንዲያና አልፈረመችም። እንቢ ላለ የሚያስገድድም አልነበረም። 2025ም መጥቶ ሄደ፣ ኤሪ ግን በየነሐሴው አረንጓዴ መልበሱን አልተወም።

የምቀናባቸው በሌላ ነገር ነው። የስምንቱ ስቴቶችና የኦንታሪዮ፣ የኩቤክ ሕግ አውጪዎች በፓርቲ ሳይለያዩ ስለ ሐይቆቹ የሚገናኙበት ማኅበር አላቸው። ውሳኔው ማንንም አያስገድድም። ግን ይተዋወቃሉ። አንዱ ምክር ቤት አንድ ረቂቅ ሲመጣለት ስልክ አንስቶ «እናንተ ጋ ይሄ እንዴት ሆነ?» የሚለው ሰው አለው። የእኛ የሁለት ጎረቤት ክልሎች የውሃ ቋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢዎች ስልክ ይለዋወጣሉ? እስቲ ነገ ጠይቁ።

አሁን ሐረጉ ጋ ደረስን። ከብዙ ዓመታት በፊት በአንድ የጋራ ውሃ ላይ ሁለት ወገኖች የሚፈርሙት ስምምነት አረቀቅሁ። ቦታውን አልናገርም። አንዱ ወገን የሚቀዳውን በሊትር መቁጠር ፈለገ፣ ሌላው በሞተር ብዛት። ክርክሩ ሁለት ቀን ፈጀ፣ አበሉም ሊያልቅ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት እኔ «ብልህ» ሆንኩና ቁጥሩን አውጥቼ «እንደ አስፈላጊነቱ» የሚል አስገባሁ። አጨበጨቡልኝ። ቃለ ጉባኤው ላይ ተፈረመ፣ ምሳ ተበላ። ከዚያ ወዲህ ሁሉም እንደ አስፈላጊነቱ ቀዳ።

ስለዚህ ከእኔ የምትወስዱት ካለ ይህ ይሁን። መጀመሪያ ቁጥሩ ላይ ተጣሉ፤ ቢያስፈልግ ሳምንት ተጣሉ። ማን እንደሚለካ፣ በምን እንደሚለካ፣ የለካው ሰው ለማን እንደሚያሳውቅ ጻፉ። በየወንዙ መለኪያውን የሚያነብ ሰው ደመወዙ ከየት እንደሚመጣም ጻፉ፤ ብዙ ሕግ የሚሞተው እዚያ ነው። ከዚያ ያንኑ ጽሑፍ በሁለቱም ምክር ቤቶች አሳልፉ። ፌዴራሉንም ከመጀመሪያው ቀን ጥሩት፤ በመጨረሻ የተጠራ እንግዳ ያኮርፋል። ዓሣ አጥማጁንም ጥሩት። ሐይቁ የሸሸበትን ርቀት ከማንኛችንም በፊት በእግሩ ለክቶታል።

ያ የድሮው ረቂቅ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ። «እንደ አስፈላጊነቱ»ን በቀይ እስክሪብቶ ሰርዤዋለሁ፣ ሰባት ቦታ ላይ ነበር። የቁጥሮቹን ቦታ ባዶ ትቼዋለሁ። የሚሞላው ከተገኘ ቅጂ እሰጣለሁ።