የትኛው ነው? ለጅማ ልጆች የተጻፈ

ውድ የጅማ ልጆች፣

ከአብራሪነት ጡረታ ወጥቼ ወደ ተወለድኩባት ከተማ ከተመለስኩ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ከቤቴ የማትጠፉ ወጣቶች አላችሁ። አንዳንዶቻችሁ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናችሁ፣ አንዳንዶቻችሁ ገና አሥራ ሁለተኛ ክፍል። ቡናው ሳይፈላ የምትጠይቁኝ ጥያቄ አንድ ነው። «ጋሼ፣ አውሮፕላኑ ሽቅብ እየወጣ ሞተር ቢጠፋ ምን ይደረጋል?» እስካሁን በርጩማ ላይ ተቀምጬ በቁርጥራጭ ነው የመለስኩላችሁ። ዛሬ አስተካክዬ ልጻፈው።

መጀመሪያ ፍርሃታችሁን ላቅልላችሁ። ባለ ሁለት ሞተር ጄት በአንዱ ብቻ መውጣት ካልቻለ መንገደኛ እንዲጭን አይፈቀድለትም። ሲነሳ አንዱ ሞተር ቢጠፋ፣ ጎማው ከታጠፈ በኋላ ቢያንስ 2.4 በመቶ ሽቅብ መሄድ መቻል አለበት። መቶ ሜትር ወደ ፊት ሲሄድ 2 ሜትር ከ40 ወደ ላይ ማለት ነው። ትንሽ ናት፣ ግን ትበቃለች። በእኛ አገር ይቺ ቁጥር በዋዛ የምትታይ አይደለችም። ቦሌ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ የእኛው አባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያም ከ1,600 ሜትር ያልፋል። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩም ክንፉም ይደክማል። ስለዚህ አንዳንዴ ጭነት ይቀነሳል። ሻንጣችሁ ወደ ኋላ ቢቀር ከመናደዳችሁ በፊት ያቺን 2.4 አስቧት።

እንግዲህ የግራው ሞተር ጠፋ እንበል። ቀኙ ብቻውን ስለሚገፋ አፍንጫው ወደ ግራ ይዞራል። አብራሪው በቀኝ እግሩ ፔዳሉን ረግጦ ያቀናዋል። ፍጥነቱ እንዳይወርድ ይጠነቀቃል። ቀጥሎ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። «ሜይዴይ» የሚለው የአደጋ ጥሪ በሬዲዮ ሦስት ጊዜ የሚባለው ከዚያ በኋላ ነው። ብዙ ሰው የሬዲዮው ጥሪ የሚቀድም ይመስለዋል። አይቀድምም። መሬት ላይ ያለው ተቆጣጣሪ አውሮፕላኑን ሊያበርላችሁ አይችልም።

ከባዱ ጥያቄ፣ የተበላሸው የትኛው ነው የሚለው ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላል የእኛ ሰው። እዚያ ላይ ግን የፈሰሰው አይለቀምም።

ታኅሣሥ 30 ቀን 1981 ዓ.ም. ከለንደን ወደ ቤልፋስት የሚበር ቦይንግ 737-400 ከ28,000 ጫማ በላይ እየወጣ ሳለ የግራ ሞተሩ አንዱ የማራገቢያ ስለት ተሰበረ። አውሮፕላኑ ተንቀጠቀጠ፣ ጭስ ሸተተ። አብራሪዎቹ የቀኙን አጠፉ። ጤነኛውን! በአጋጣሚ ንዝረቱ ቀነሰ፣ እነሱም ልክ ነን ብለው አመኑ። ካፒቴኑ ችግሩ የቀኝ ሞተር መሆኑን ለመንገደኞች ተናገረ። ከኋላ ግን እሳቱን በግራ በኩል በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ነበሩ። አንድም ሰው ሄዶ አልነገረውም። ሊያርፉ ጥቂት ሲቀራቸው የግራውም ሞተ። አውሮፕላኑ አውራ ጎዳና ዳር ወደቀ። ከ126ቱ ሰዎች 47ቱ አለቁ።

በዚያው ዓመት መስከረም 5 ቀን ከባሕር ዳር የተነሳ 737 በሁለቱም ሞተሮቹ እርግቦች ገብተውበት ወድቋል፤ 35 ሰዎች ሞተዋል። ያ ሌላ ዓይነት አደጋ ነው፣ ለአብራሪዎቹ የሚመርጡት ሞተር አልተረፈላቸውም። እግረ መንገዴን ግን ይህን ልንገራችሁ። አብራሪ ባትሆኑም የምታደርጉት ነገር አለ። በአውሮፕላን ማረፊያው ዙሪያ ቆሻሻና የሥጋ ትርፍራፊ አትጣሉ። የሚጥል ካያችሁም ዝም አትበሉ። ወፍ የሚሰበስበው እሱ ነው።

ወደ ዝምታው ልመለስ። እኛ ያደግነው ታላቅ ሲናገር አንገት ደፍተን ነው። ጥሩ አስተዳደግ ነው፣ እኔም ልጆቼን እንደዛው ነው ያሳደግኳቸው። ኮክፒት፣ አብራሪዎቹ የሚቀመጡበት ክፍል፣ ውስጥ ግን ሰው ይገድላል። ለዚህ ነው አሠራሩ ሁለት ሰው ሳይስማማ ሞተር እንዳይጠፋ የሚያዘው። አንዱ እጁን የሞተሩ እጀታ ላይ ያደርግና «አንደኛው ሞተር» ይላል። አንደኛ የሚባለው የግራው ነው። ሌላው በዓይኑ አይቶ «አዎ፣ አንደኛው» እስኪል ድረስ እጁ እዛው ይቆያል።

ይህን የማውቀው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ሌሊት ነበር። አየር መንገዱን አልጠራም። ወደ 11,000 ጫማ ስንቃረብ ከግራ በኩል እንደ ጥይት ጮኸ። ወለሉ ከእግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ። ቀኝ እግሬ ሳላዘው ፔዳሉን ረገጠ። ያኔ ሃያ ዓመት አብርሬያለሁ። እጄን ሰደድኩና አንዱን እጀታ ያዝኩ። «ሁለተኛው ሞተር» አልኩ።

እግሬ ቀኙን አጥብቆ ስለረገጠ ይመስለኛል፣ እጄም አፌም ቀኝን ያዙ።

ረዳት አብራሪዬ በዕድሜ ልጄ የምትሆን ነበረች፣ ሥራ ከጀመረች ዓመት አልሞላትም። «ካፒቴን፣ ይቆዩ። አንደኛው ነው። መለኪያውን ይዩት» አለችኝ። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። አየሁት። የግራው ዙር ወርዷል፣ ሙቀቱ ጣሪያ ነክቷል። እጄን አነሳሁና እንደገና ጀመርን፣ ቀስ ብለን። ግራውን ስንቀንሰው ንዝረቱ ረገበ። ዘግተነው ተመልሰን አረፍን።

መንገደኞቹ ወርደው ካለቁ በኋላ ሁለታችን በባትሪ እያበራን ሞተሩን አየነው። ስለቶቹ ተበጣጥሰዋል። አሁን እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ መብራቱ እየዘለለ አስቸገራት።

«ባልሰማሽ ኖሮስ ምን ታደርጊ ነበር?» አልኳት።

«እጅዎን እይዘው ነበር» አለችኝ።