ቁጥሩን ተዉትና የተዋችሁትን ንገሩኝ

ይድረስ ለወጣት ወዳጆቼ፣

በውስጥ ደዌ ሐኪምነት ብዙ ዘመን ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ሥራውን ብተወውም ጥያቄው አልተወኝም። የጎረቤት ልጅ በር ላይ ያስቆመኛል፣ የዘመድ ልጅ ከዱባይ ይደውላል፣ የወዳጄ ልጅ ከቨርጂኒያ የድምፅ መልእክት ትልካለች። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፦ «ዶክተር፣ ይህ ነገር በወር ስንት ጊዜ ቢነሣብኝ ነው የሚያሰጋኝ?»

«ይህ ነገር» የሚሉት ድንገት የሚነሣውን ጭንቀት ነው፤ እኛ ሐኪሞች ፓኒክ አታክ የምንለውን። ልብ ይደልቃል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ደረት ይጨመደዳል፣ ጣትና ከንፈር ይደነዝዛል፣ ጉልበት ይከዳል፣ አካባቢው ሁሉ ሕልም ይመስላል። ከዚያ «አሁን መሞቴ ነው» ወይም «አሁን ማበዴ ነው» የሚል ሐሳብ ከተፍ ይላል። ብዙውን ጊዜ አሥር ደቂቃ ሳይሞላው ጫፉ ላይ ይደርስና መውረድ ይጀምራል። ድካሙና ድንጋጤው ግን ለሰዓታት ይቆያል።

መጀመሪያ ሲይዛቸው አብዛኞቹ ወደ ሥነ አእምሮ ክፍል አይሄዱም፤ ልቤ ነው ብለው ድንገተኛ ክፍል ይገባሉ ወይም እኔን ወደ መሰለ ሐኪም ይመጣሉ። ኢሲጂው (የልብ ምት ምርመራው) ደህና፣ ደሙ ደህና ይሆንና «ምንም የለብህም» ተብለው ይሸኛሉ። ይህን አባባል ባልደረቦቼ ቢተዉት ደስ ይለኛል። ያን ያህል የተሠቃየ ሰው ምንም የለብህም ሲባል ወይ ሐኪሙ አላወቀልኝም ይላል፣ ወይ በራሱ ያፍራል። ነገሩ የልብ ሕመም መስሎ መታየቱም አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1871 ጃኮብ ዳ ኮስታ የተባለ የፊላደልፊያ ሐኪም፣ ልባቸው እየደለቀና ደረታቸውን እያመማቸው ምርመራው ግን የልብ ጉዳት የማያሳይባቸውን የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ወታደሮች መዝግቦ ጽፏል።

ወደ ጥያቄያችሁ ልመለስ። ቁጥር የምትፈልጉበት ምክንያት ይገባኛል። ስኳር በቁጥር ይለካል፣ የደም ግፊት በቁጥር ይለካል፤ ይህም እንዲያው ይሁን ትላላችሁ። ሙያው ራሱ በቁጥር ሊለካው ሞክሮ ነበር። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጣው የምርመራ መመሪያ ሕመሙ አለ ለማለት በሦስት ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ መነሣት ነበረበት። በ1987 መለኪያው በአራት ሳምንት አራት ጊዜ ሆነ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ተነሥቶበት «እንደገና ይመጣብኝ ይሆን?» በሚል ፍርሃት አንድ ወር የከረመም ሰው ታማሚ ነው ተባለ። በ1994 ቁጥሩን ጭራሽ አወጡት። የቀረው መለኪያ ሳይታሰብ እየተደጋገመ መነሣቱ፣ ከዚያም ሰውየው ቢያንስ ለአንድ ወር መልሶ እንዳይመጣበት መስጋቱ ወይም በዚያ ምክንያት አኗኗሩን መለወጡ ነው።

ከዚህ የተሻለ ውሳኔ አላውቅም። ወደ እኔ ይመጡ ከነበሩት መካከል አንዷ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ይነሣባት ነበር፤ ክፍል ውስጥ፣ ካፍቴሪያ ውስጥ፣ ታክሲ ውስጥ። እያለቀሰችም ቢሆን ትማራለች፣ ትፈተናለች፣ ሰርግ ትሄዳለች። ሌላው ወጣት በአራት ወር አንድ ጊዜ ቢነሣበት ነው። ግን ታክሲ መሳፈር ትቷል፤ ከመገናኛ ፒያሳ በእግሩ ይሄዳል። ባንክ ቤት ሰልፍ አይቆምም፣ ቅዳሴውን ከቅጥሩ በር ላይ ሆኖ ያስቀድሳል፣ ሌሊት ወንድሙ ከሌለ አይተኛም። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ልጅቷን ያስታምማል፣ ወንዱን ያሰናብታል። የባሰበት ግን እሱ ነው። ቁጥሩን ዝቅ ያደረገው ኑሮውን በማጥበብ ነው።

ታዲያ አንዱ በዕድሜው አንዴ፣ ሌላው በየሳምንቱ የሚነሣበት ለምንድን ነው? አንድ ጊዜ ብቻ ደርሶባቸው የሚቀሩት ብዙ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በበርካታ አገሮች ባስተባበረው ጥናት በዕድሜያቸው አንዴም ቢሆን እንዲህ ያለ ነገር የደረሰባቸው ከመቶ 13 ያህል ሲሆኑ፣ ወደ ሕመም የተለወጠባቸው ግን ከዚያው ከመቶው ሁለት አይሞሉም። ከሚደጋገምባቸውም መካከል ለወራት በሳምንት አንድ ጊዜ እየመጣ የሚቆይባቸው አሉ፤ ለአንድ ሳምንት በየቀኑ ተነሥቶ ከዚያ ወራት ሙሉ የሚጠፋባቸውም አሉ። ሁለተኛዎቹ ሲጠፋ ዳንኩ ይላሉ፣ ሲመለስ ተስፋ ይቆርጣሉ። አመሉ ይህ መሆኑን አስቀድሞ የነገራቸው የለም።

አንዱን ጊዜ ወደ ተደጋጋሚነት የሚለውጠው በአብዛኛው ከመጀመሪያው በኋላ የሚመጣው ጥበቃ ነው። ሌባ የገባበት ግቢ ዘበኛ በማግስቱ ድመት ስታልፍም ይጮኻል። አንዴ የደነገጠ ሰው ልቡን ማዳመጥ ይጀምራል። ደረጃ ወጥቶ ልቡ ሲመታ፣ ተርቦ ሲያዞረው፣ ሙቀት ሲያፍነው «መጣ!» ይላል፤ ይህ ሐሳብ ደግሞ ልቡን የባሰ ያስደልቃል። እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዴቪድ ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1986 ያስረዳው ይህንኑ ዑደት ነው፤ የሰውነትን ተራ ስሜት እንደ ሞት ምልክት መተርጎም ድንጋጤውን ይወልዳል፣ ድንጋጤው ያንኑ ስሜት ያባብሳል። ትንፋሹም ይጨመርበታል። የደነገጠ ሰው ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍስ በደሙ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፤ ጣትና ከንፈርን የሚያደነዝዘው፣ ራስንም የሚያዞረው ይህ ነው። የሚያስፈራ ቢሆንም የሚገድል አይደለም።

ብዙዎችን ግራ የሚያጋባው ጊዜው ነው። «ፈተናው ሲያስጨንቀኝ ያልመጣ፣ ፈተናው አልፎ ቤቴ ተኝቼ ለምን?» ይሉኛል። ሰውነት የተሸከመውን ሁልጊዜ በተሸከመበት ሰዓት አያወርድም። ከሐዘን በኋላ፣ ከሥራ መባረር በኋላ፣ ከስደት ጉዞ በኋላ፣ ሁሉም ነገር ረጋ ሲል የሚጀምርባቸው ብዙ ናቸው። ከከባድ እንቅልፍ ባንኖ የሚያስነሣም አለ። ይህ ቅዠት አይደለም፤ የሚነሣው በአብዛኛው ሕልም በማይታይበት የእንቅልፍ ክፍል ነው። በእኛ አገር ቤተሰብ ይህን ሲያይ ቶሎ ወደ ሌላ ትርጉም ይሄዳል። ጸሎቱንም ጸበሉንም አልቃወምም፤ እኔም የምሄድ ሰው ነኝ። ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት አስጥሎ ጸበል የሚልክን ግን እቃወማለሁ።

አሁን ስለ ኑሯችሁ ልናገር፤ እዚህ ላይ ሽማግሌ ነገር አበዛ ብትሉም ግድ የለኝም። ቡና የአገራችን ነው፤ ከአቦል እስከ በረካ እኔም አልቀርም። ይሁን እንጂ ይህ ሕመም ላለበት ሰው ካፌይን እሳት ላይ እንጨት መጨመር ነው። በትልቅ ኩባያ አራት አምስት ኩባያ ቡና የሚሆን ካፌይን በተሰጣቸው ሙከራዎች ከታማሚዎቹ ግማሽ ያህሉ እዚያው ተነሥቶባቸዋል፤ ጤነኞቹን ግን እምብዛም አልነካቸውም። የኃይል መጠጥ የሚባለውም ያው ካፌይን ነው። ጫትም እንዲሁ። እርጥቡ ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገር አምፌታሚን የሚባለው አነቃቂ ዕፅ ዘመድ ነው፤ ልብ ያፈጥናል፣ እንቅልፍ ይነሣል። ምርቃናው ሲወርድ ደግሞ «ጨብሲ» ብሎ መጠጥ ይከተላል፤ መጠጡ ለሰዓታት ያረጋጋና ሲለቅ ንጋት ላይ እጥፍ አድርጎ ይመልሰዋል። «ሰኞ ሰኞ ለምን እንደሚነሣብኝ አላውቅም» ላለኝ ወጣት ስለ ቅዳሜና እሑድ ስጠይቀው ሳቀ። ሌላ ምርመራ አላዘዝኩለትም።

ባሕር ማዶ ላላችሁትም ያው ነው። በዓረብ አገር ሰው ቤት ሌሊቱን አጋምሳ የምትተኛና ጎሕ ሲቀድ የምትነሣ ልጅ፣ አሜሪካ ሁለት ሥራ እያፈራረቀ መንገድ ላይ የሚውል ልጅ፣ እንቅልፍ ማጣቱ ብቻውን ቁጥሩን ያበዛባቸዋል። ይህን ስል በሠሪዋ ላይ ጥፋት መጫኔ አይደለም፤ እንቅልፍ የማይሰጥ ቤት የራሱ ተጠያቂ አለው። ሴቶች ልጆች ደግሞ ይህ ሕመም ከወንዶች እጥፍ ያህል ይበዛባችኋል፤ ከወር አበባ በፊት ባሉት ቀናት የሚብስባችሁም አላችሁ። ቀኑን ከወር አበባችሁ ጋር አስተያዩት።

አንድ ጊዜ ግን በደንብ ተመርመሩ። አገራችን እንቅርት የሚበዛባት አገር ናት፤ የታይሮይድ ዕጢ ሥራውን ሲያበዛ ልብ ይደልቃል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሰው ይጨነቃል። በልጅነት ከጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ የልብ ቫልቭ የሚጎዳው በሽታም በወጣቶቻችን ላይ ይታያል። የደም ማነስም ልብ ያስደልቃል። የደረት ሕመሙ ስትሮጡ ወይም ሸክም ስታነሡ የሚመጣ ከሆነ፣ ራሳችሁን ስታችሁ ከወደቃችሁ፣ ከቤተሰባችሁ በወጣትነቱ በልብ የሞተ ካለ ጉዳዩን ለጭንቀት አትስጡት። ምርመራው ንጹሕ ከሆነ በኋላ ግን አራተኛ ኢሲጂ ፍለጋ ክሊኒክ ለክሊኒክ መዞሩን አቁሙ። ያ ዙረት ዋጋው በብር ብቻ አይደለም፤ ልባችሁን የማዳመጥ ልማዱን ያጸናዋል።

ሲነሣባችሁ ካላችሁበት ቦታ አትሽሹ። ታክሲ ውስጥ ከሆናችሁ «ወራጅ አለ» አትበሉ። ትንፋሹን በአፍንጫ ቀስ አድርጋችሁ አስገቡ፣ ከገባበት አርዝማችሁ አስወጡ፤ ጫፍ ላይ ደርሶ እስኪወርድ ጠብቁት። ከታክሲው ከወረዳችሁ ያዳናችሁ መውረዳችሁ ይመስላችኋል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ታክሲውን ሳታዩት ትፈሩታላችሁ። በየኪሱ ዲያዜፓም የሚባለውን ማረጋጊያ ክኒን ይዞ መዞርም ከዚሁ የራቀ አይደለም፤ ክኒኑ ሳይሟሟ ጭንቀቱ በራሱ ይወርዳል፣ ምስጋናው ግን ለክኒኑ ይሆናል፤ ሲቆይም ያለ እሱ መውጣት ያቅታል።

ሕክምናው ይሠራል። አንደኛው መንገድ ከባለሙያ ጋር ሆኖ የሸሹትን ቦታ ደረጃ በደረጃ መልሶ መልመድ ነው፤ ሌላው እንደ ሰርትራሊንና ፍሉኦክሰቲን ያሉ መድኃኒቶች ናቸው፤ ሁለቱን አጣምሮ መያዝም ይቻላል። ብዙዎች አቋርጠው የሚጠፉበት ምክንያት ግን አንድ ነውና ልንገራችሁ፤ መጀመሪያ ላይ የባሰባቸው ይመስላቸዋል። ታክሲ ትቶ የነበረ ልጅ ታክሲ ሲጀምር፣ ከአራት ወር አንዴ የነበረው በሳምንት ሁለቴ ይሆንበታል። መድኃኒቱም በመጀመሪያዎቹ ቀናት መቁነጥነጥና እንቅልፍ ማጣት ሊያመጣ ይችላል፤ ጥቅሙ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው። ሐኪሙ በትንሹ የሚጀምረው ለዚህ ነው። በእነዚያ ሳምንታት «ባሰብኝ» ብላችሁ በራሳችሁ አታቁሙ፤ ቀጠሮው እስኪደርስም አትጠብቁ፣ ሄዳችሁ ንገሩት፣ መጠኑን ያስተካክላል። ራሴን ላጥፋ የሚል ሐሳብ ከመጣ ግን በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ አንድ ሰው አስከትላችሁ በአቅራቢያችሁ ወዳለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።