ከአሜሪካ ስለመጣችው የፖርሴሊን ወፍ

ሰላም እህቴ። ከአሜሪካ የተላከችልሽ ጉሮሮዋ ቀይ፣ ጀርባዋ አረንጓዴ የፖርሴሊን ወፍ እዚህ ሐዋሳ እሬት አበባ ላይ የምናያት ናት ወይ፣ የእጅ ሥራ መሆኗንስ በምን ልወቅ ብለሻል። ሴራሚክ ሥራ ላይ ስለቆየሁ ከሁለተኛው ልጀምር።

መጀመሪያ ገልብጫት። ፖርሴሊን ካኦሊን የሚባለው ነጭ አፈር ፌልድስፓርና ኳርትዝ ከሚባሉት ማዕድናት ጋር ተቦክቶ ከ1200 እስከ 1400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚተኮስ ነው። በዚያ ሙቀት ጭቃው ራሱ ወደ መስታወትነት ስለሚጠጋ፣ የሚያብለጨልጨው ቅብ ያልነካው ሥሯ ላይ ውኃ ጠብ ብታደርጊ አይመጥም። ከመጠጠ ተራ ሸክላ ነው። የስልክሽን መብራት ከክንፏ ጀርባ ያዢ፤ ቀጭኑ ቦታ ብርሃን ያሳልፋል። ከሥሯ ያለችው ቀዳዳ ጉድለት አይደለችም፤ ውስጧ ባዶ ስለሆነ ስትተኮስ አየር የሚወጣባት ናት።

የእጅ ሥራ የሚለው ነገር ግን ልኩ ይታወቅ። አብዛኛውን ጊዜ አካሉ ፈሳሽ ጭቃ የጂፕሰም ሞልድ (ቅርጽ ማውጫ) ውስጥ ፈስሶ ነው የሚወጣው። እጅ የሚገባው ክንፍ ሲገጠም፣ ከወፏ ጋር የሚሠራው አበባ ቅጠል አንድ በአንድ በጣት ሲሳሳና ቀለም ሲቀባ ነው። ቀለሙን በአጉሊ መነጽር እዪው፤ እኩል እኩል ነጠብጣብ ከሆነ የታተመ ነው፣ የብሩሽ ጭረት ካለው በእጅ የተሳለ።

ምንቃሯ ብረት ቢሆን ተታለልኩ እንዳትዪ። ፖርሴሊን እሳት ውስጥ ይለሰልሳል፣ ይኮማተራልም፤ እንደዚያ የቀጠነ ነገር ይጎብጣል፤ ቢተርፍም አቧራ ስትጠርጊ ቀጭ ይላል። ለዚህ ነው ብዙ ሠሪዎች ምንቃሩን ከብረት የሚያበጁት ወይም ጫፉን አበባ ውስጥ የሚሰኩት። ክንፏ አበባው ላይ የተደገፈችውም ለውበት ብቻ አይደለም።

ወፏ ግን የኛ አይደለችም፤ ሃሚንግበርድ የምትባል አበባ ቀሳሚ ትንሽ ወፍ ናት። ሃሚንግበርድ ያለው በአሜሪካ አህጉራት ብቻ ነው፣ ከአላስካ እስከ ደቡብ አሜሪካ ጫፍ፤ ዝርያው ከ300 በላይ ነው። ያንቺዋ በሰሜን አሜሪካ ምሥራቅ የሚታወቀውን ባለ ቀይ ጉሮሮ ሃሚንግበርድ ትመስላለች። ቀይ ጉሮሮ ያለው ወንዱ ነው፤ እሷ እያልን ያማናት እንግዲህ ወንድ ናት! እውነተኛው ወፍ ክብደቱ 3 ግራም አካባቢ ነው፤ ክንፉን በሰከንድ 50 ጊዜ ያህል እያራገበ አየር ላይ ቆሞ ይቀስማል፣ ወደ ኋላም ይበራል። የጉሮሮው ቅላት ቀለም ሳይሆን ብርሃን ላባው ላይ የሚሠራው ሥራ ስለሆነ ፊቱን ሲያዞር ጥቁር ይመስላል። ስለዚህ ጉሮሮውን ጠቆር አድርጎ የሳለ ሰው አልተሳሳተም፤ እንዲያውም ወፉን አይቶታል ማለት ነው።

እኛ ጋ ራስ ክምርና እሬት ላይ የምታዪያት ሰንበርድ የምትባል ሌላ ወፍ ናት። አበባ መቅሰሙ አመሳሰላቸው እንጂ በዘር የተራራቁ ናቸው። የኛዋ ምንቃሯ ጎበጥ ያለ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም ቅርንጫፍ ይዛ ነው የምትቀስመው። ከዚህ ግሩፕ አባላት በሸክላ ሊሠራት የሚነሣ ካለ የአሜሪካዋን ፎቶ ገልብጦ አየር ላይ እንዳይሰቅላት።

ዋጋዋን በደፈናው መገመት አይቻልም። ከሥሯ ማኅተም ወይም ፊርማ ካለ አጥርተሽ ፎቶ አንሺና እዚሁ ለጥፊው።